የጓሳ ሜዳ የዘር ቤት ግዝት

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፤ ጎንደር

ሰኢድ "አስራ አንድ ሰዓት በርሽ ላይ ነኝ" ብሎኝ አስራ አንድ ተኩል መጣ። ሠላሳ ዓመት በደወል የኖርሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ጡረታ ብወጣም በብርድ ግማሽ ሰዓት ሲያስቆሙኝ ደሜ ይፈላል። ላወርድበት አፌን ስከፍት ከፒክአፑ የፊት ወንበር ላይ ቄስ ሞላን አየሁና ዋጥ አደረግሁት። ከጥምጥማቸው ሥር ግራ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ታሽጓል። ሞራው የተገፈፈላቸው ገና ትናንት ጠዋት ነው።

"ሐኪሙ ሳምንት ሳይሞላቸው ከከተማ እንዳይወጡ ብሎ ነበር፤ አቧራው ያመረቅዘዋል አለ" አለኝ ሰኢድ ቦርሳዬን ከኋላ እየጫነ። "እኔ የለሁበትም እትዬ። በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ ሲሉ ምን ላድርግ?"

ሰኢድ የጎንደር ነጋዴ ልጅ ነው። አባቱም አያቱም ወደ ደጋው ጨውና ጨርቅ ሲያወጡ የኖሩ ሙስሊሞች ናቸው፤ እሱ ደግሞ ለጓሳ ሜዳ ወፍጮ ነዳጅ ያመላልሳል። መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠየቅሁት።

"ክፍት ነው ብለዋል። እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አላሉም።"

ይህን ጉዞ ያሰብሁት ለሌላ ነበር። ከዳባት ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ ጓሳ ሜዳ የሚባል የደጋ አገር አለ። ነዋሪው የራሱን የልማት አደራ ማኅበር አቋቁሟል፤ ሰዉ ባጭሩ "አደራው" ይለዋል። ባለቤቱ መንግሥትም ድርጅትም ሳይሆን እያንዳንዱ ጭስ የሚወጣበት ቤት ነው። የጋራ የሣር ተራራ አለው፣ ወፍጮ አለው፣ ከሁሉም በላይ የድንች ዘር ቤት አለው። በመኸር ሁሉም ከምርቱ መርጦ ዘሩን እዚያ ያስገባል፤ የመዝሪያው ጊዜ ሲደርስ አብሮ ከፍቶ ይካፈላል። ዱሮ ሰው ዘሩን በችግር ወር ይበላና ሰኔ ሲመጣ ከገበያ በሽታ የያዘው ድንች ይገዛ ነበር። ይህን አይቼ ለጋዜጣ አምዴ አንባቢዎች ሸጋ ሸጋውን ልጽፍ ነበር አሳቤ።

ዘበኛ የላቸውም። ቁልፍ አላቸው፣ ግን ቁልፍ ማን ይፈራል? የሚጠብቅላቸው ግዝት ነው። ዘሩ ገብቶ ሲያበቃ ቄስ ሞላ መስቀል ይዘው "ያለ ጊዜው የከፈተ የተገዘተ ይሁን" ይላሉ፤ አለቀ። ግዝት የጣሰ ሰው ካልተፈታ በቀር ከሰው ጋር አይበላም፣ አይጠጣም፣ ሰላምታም አይሰጠውም።

መዘዙም የመጣው ከዚሁ ነው። ቄስ ሞላ ለዓይናቸው ጎንደር ቀጠሮ ሲጠብቁ፣ ባለፈው ረቡዕ ማታ ነፋስ የዘር ቤቱን ቆርቆሮ ገነጠለው። ዝናቡ በዘሩ ላይ ወረደ። ያሰሩት ቄስ ሳይመጡ የሚነካው ጠፋ። የደብሩ ሌሎች ካህናትም "ያሰረው እያለ እኛ አንፈታም" አሉ። ቄስ ሞላን ደግሞ ዓይናቸው ሳይሠራ ጥለው እንዳይመጡ ብለው እስከ ትናንት ነገሩን ደበቋቸው። ሦስት ቀን ተጠበቀ። ቅዳሜ ጠዋት የአደራው ሊቀመንበር ወይዘሮ እንጉዳይ ብቻቸውን ሄደው በሩን ከፈቱና ዘሩን አወጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸው የተገዘቱ ናቸው፤ እጃቸው የነካውን ዘርም የሚቀበል የለም። ድንቹ ግቢያቸው ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ ይበቅላል። አንድ ዝናብ ቢደግመው የአገሩ ዘር አለቀ ማለት ነው።

"አባ፣ ይፈቷቸዋል?" አልኋቸው መኪናው ሲነሣ።

"እንጃ ልጄ" አሉ ወደ ፊት እያዩ። "እሱን መንገድ ላይ አስብበታለሁ።"

እኔ ደግሞ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት፤ ኮሶዬ

ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከመንገዱ ዳር ጀምሮ ገደሉ ቁልቁል ወርዶ ቆላው ድረስ ይታያል፤ ጉሙ ከታች ተኝቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ ስለ ምድር አፈጣጠር አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምር ነበር። ዛሬ ዓይኔ ያለው ደመናው ላይ ነው።

ከአንዲት የቆርቆሮ ምግብ ቤት ገባን። እንቁላል በዳቦ 150 ብር፣ ሻይ 20። አምና በግማሹ ነበር የበላሁት፤ ባለቤቷን ብጠይቃት "አምናን አምጪልኝና በአምናው ዋጋ ላብላሽ" አለችኝ። ሰኢድ ሳቀብኝ። ቄስ ሞላ ሻይም አልነኩ።

"አባ፣ ጾም እኮ አይደለም" አለ ሰኢድ።

"ለእኔ ነው" አሉት።

ከሐኪም ቤት የወጣ ሰው በባዶ ሆዱ መድኃኒት መዋጡ አናደደኝ። ከዚያም ለመፍታት ለምን እንደሚያመነቱ ነገሩኝ፤ በቀስታ፣ ለእኔም ለራሳቸውም እንደሚያስረዱ ሆነው።

"እንጉዳይ ክፉ ሰው አይደለችም። አደራውን እዚህ ያደረሰች እሷ ናት። ግን ልጄ፣ እኛ አጥር የለንም። ያ የሣር ተራራ በአጥር ቢከበብ ስንት ሽቦ ይፈጃል? ሰው ከብቱን የማያስገባበት ግዝቱን ፈርቶ ነው። ዛሬ 'ልክ ነሽ' ብዬ ብፈታት፣ ነገ ላሙ የከሳችበት ሁሉ እኔም ልክ ነኝ ብሎ ይገባል። ተነገ ወዲያ አደራ የሚባል ነገር የለም።"

"ባይፈቷቸውስ?"

"ዘሩ ይበሰብሳል። እሷም እንደተለየች ትቀራለች።" ባልታሸገው ዓይናቸው አዩኝ። "አንቺ አስተማሪ ነሽ። እስኪ አንቺ ብትሆኝ ምን ታደርጊያለሽ?"

ሠላሳ ዓመት ጠያቂ ሆኜ ኖሬ ተጠይቆ መመለስን ረስቸዋለሁ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፤ አምባ ጊዮርጊስ

የፈራሁት ደረሰ። ከከተማው መግቢያ ላይ ገመድ ተዘርግቶ አውቶቡሱም አይሱዙውም ባጃጁም ተደርድሯል። ወደ ፊት ያለው መንገድ "እየተጣራ" ነው ተባለ። ምኑ እንደሚጣራ የጠየቀ የለም። ሴቶች ከአውቶቡስ ወርደው ነጠላቸውን ተከናንበው ዳገቱ ላይ ተቀምጠዋል። ቆሎ ሻጮች ግን ቀን ወጥቶላቸዋል።

ሰኢድ ሞተሩን አጠፋ። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰዓት። በምሥራቅ በኩል ደመናው ይጠቁር ጀመር።

ትዕግሥት አጣሁ። "አባ፣ በስልክ ይፍቷቸው እንጂ! ሰኢድ ይደውልና ድምፅዎን ሕዝቡ ይስማ።"

"ግዝት በስልክ አላሰርሁም፣ በስልክም አልፈታም" አሉ። "ደግሞስ ማን ያምናል? ድምፄን አስመስሎ የሚናገር ጎረምሳ ሞልቷል።"

"እሺ ይሁን። በሩን መገዘትዎ ይገባኛል። ጣራውን ምነው ገዘቱት? ጣራው ባይገዘት ኖሮ አንድ ሰው ወጥቶ ቆርቆሮውን ይመታው አልነበር?"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የሰው ቁስል እንደነካሁ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

"አምና በጣራ ነዋ የገባው" አሉ በመጨረሻ። "አንድ ሰው ቆርቆሮ ነቅሎ ሁለት ጆንያ ዘር አወጣ። ተያዘ። አምና የገዘትሁት ግን 'በሩን የከፈተ' ብዬ ብቻ ነበር። 'እኔ በበር አልገባሁም፣ ግዝቱ አይነካኝም' ብሎ ሽማግሌ ፊት ተከራክሮ ረታን። ሰው ሳቀብኝ። ስለዚህ ዘንድሮ ቀዳዳ አላስቀረሁም። ግድግዳውን ብዬ፣ ጣራውን ብዬ፣ መሠረቱን ብዬ ዘጋጋሁት። ተቀምጬ በወረቀት ጻፍሁት።" ፋሻቸውን ነካ አደረጉና፣ "ዘጋግቼ፣ መክፈቻውን ለማንም ሳልሰጥ ጎንደር መጣሁ" አሉ።

ሰኢድ አንገቱን ደፋ። እኔም ስለ ጣራው ሁለተኛ አላነሣሁም።

ስልኩ ጮኸ። አያ ደሳለኝ ናቸው፤ የአደራው የሽማግሌዎች ሰብሳቢ። ሰኢድ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"የት ደረሳችሁ?"

"አምባ ጊዮርጊስ ታግደናል አያ።"

"ኧረ በሞቴ ፍጠኑ። ሰማዩ አላማረኝም። ላስቲኩ ሌሊት ተቀዷል፣ እሷም ብቻዋን ስትሸፍን ስትገልጥ ናት። የድንቹ ጉንቁል ጣት አክሏል።"

አላስቻለኝም። "ምነው አንድ ሰው እንኳ ላስቲኩን ቢይዝላቸው?" ብዬ ጮኽሁ።

"ይች ደግሞ ማናት?"

"ጋዜጣ የምትጽፈዋ መምህርት ናት" አለ ሰኢድ።

"እቴ፣ ማን ይንካው? እኔስ ጠልቻት ነው? እህቴ ማለት ናት። ቅዳሜ ያን ሁሉ ጆንያ ብቻዋን ከመሬት እየጎተተች ስታመላልስ ከወዲህ ማዶ ቆመን አየናት። ዓይናችን እያየ።" ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ኔትወርኩ ይሁን እሳቸው አላወቅሁም። ከዚያ፣ "አባ እዚያ አሉ? ይፈቱልናል?" አሉ።

ቄስ ሞላ ስልኩን አልተቀበሉም። "እየመጣሁ ነው በለው" አሉ ለሰኢድ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ገመዱ የተነሣው አራት ሰዓት ሲሆን ነው።

ከቀኑ 6 ሰዓት፤ ከዳባት በላይ

ዳባት ላይ ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ቀኝ ታጠፍን። ጥርጊያው ጥቁር ጭቃ ነው። ሰኢድ ቀስ ሲል መኪናው ይሰምጣል፣ ሲፈጥን አባን ያንገላታቸዋል። መውረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራተን አንድ ጊዜ ቁልቁል ወደ ቦዩ አዘነበልን። እኔ ሁሉንም ታቦት ጠራሁ፣ ሰኢድም በበኩሉ ያ አላህ አለ፤ በዚያም በዚህም ተብሎ መኪናው ቆመ። ቄስ ሞላ በእጃቸው ፋሻቸውን ደግፈው ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መኪናው የሚሄድበት አለቀ። አያ ደሳለኝ በቅሎ ይዘው ይጠብቁናል። ረዥም፣ ቀጭን፣ ካፖርት የለበሱ ሰው ናቸው። የቄሱን መስቀል ተሳለሙና በቀጥታ ፊታቸውን ማንበብ ያዙ። ያገኙት ነገር ያለ አይመስለኝም።

የሄድነው የአደራውን የሣር ተራራ ታክከን ነው። አንባቢዎቼ፣ ስለዚህ ተራራ ልጽፍላችሁ ቃል የገባሁት እኔ ነኝና ያየሁትን ልንገራችሁ። ጓሳው ጉልበት ድረስ ቆሟል፤ ይህ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ በድርቅ ዓመት ለከብት ይሆናል። ታጭዶ የሚካፈሉት በተባለው ቀን ብቻ ነው። ከወሰኑ ወዲህ ያለው ግጦሽ ተላጭቶ አፈሩ ይታያል፣ ላሞቹ የጎን አጥንታቸው ይቆጠራል። አጥር የለም፤ በየሃያ ርምጃው አንድ ድንጋይ ብቻ። እያየሁ አንዲት ጥጃ ድንጋዩን አልፋ ገባች። አንዲት አሮጊት ከሩቅ ምርኩዛቸውን ጥለው ሮጡ፤ እውነቴን ነው፣ ሮጡ። ጥጃዋን ጎትተው አወጡና ከአፏ ውስጥ የቀረውን ሣር ሳይቀር አውጥተው ወደ ወሰኑ መለሱት።

ቄስ ሞላ በቅሎዋ ላይ ሆነው በአንድ ዓይናቸው አይተዋል። ወደ እኔ ዞረው፣ "አየሽ?" አሉኝ።

አየሁ። በኮሶዬ ያሉኝ ነገር የገባኝ እዚህ ነው፤ የገባኝ ደግሞ አላስደሰተኝም። ከዚያ ጀምሮ ወይዘሮ እንጉዳይ የማይፈቱ መሰለኝ።

ከቀኑ 9 ሰዓት፤ ጓሳ ሜዳ

ሰዉ ከዘር ቤቱ ፊት ለፊት ተሰብስቧል። ቤቱ ዘሩ ብርሃንና አየር እንዲያገኝ ግድግዳው በቀጫጭን አጠና ሳሳ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ውጭ ቆሞ ውስጡ ሁሉ ይታያል። ባዶ የእንጨት ቆጥ፣ ረግረግ ያለ ወለል፣ ከላይ የተገነጠለ ቆርቆሮ። ረቡዕ ማታ ይህ ሁሉ ሰው በዚህ አጠና መሃል ዝናቡ በዘሩ ላይ ሲወርድ ሲያይ ነበር ማለት ነው።

ወይዘሮ እንጉዳይ ከሰዉ ሃያ ርምጃ ያህል ርቀው፣ ከግቢያቸው በር ላይ ቆመዋል። አምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ ሴት ናቸው። መዳፋቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጆንያው ልጦታል። ከኋላቸው የድንቹ ክምር በተቀዳደደ ላስቲክ ሥር ይታያል። ከበሩ ጎን ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የጣሳ ውኃ ተቀምጧል፤ ምራታቸው አስቀምጣ የምትሸሸው እዚያ እንደሆነ አያ ደሳለኝ ነገሩኝ።

ደመናው ከራሳችን በላይ ሆኗል።

ቄስ ሞላ ከበቅሎ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "እንጉዳይ፣ ምነው አልጠበቅሽኝም?"

"ሦስት ቀን ጠበቅሁ አባ። ከታች ያለው መበስበስ ጀምሮ ነበር፤ ይሸታል። ከዚያ በላይ መጠበቅ አልቻልሁም።"

"ግዝቱን ታውቂው የለም?"

"አውቀዋለሁ። ሲገዘት ከፊት ቆሜ አሜን ብያለሁ።"

"ለራስሽ ያደረግሽው አለ?"

"አንዲት ፍሬ አልቀቀልሁም።"

"ታዲያ ምነው ከቤትሽ ወሰድሽው?"

"የተገዘተ ሰው የነካውን ማን ከቤቱ ያስገባል?" አሉ። ደክሟቸዋል እንጂ የሚለምኑ አይመስሉም።

ቄስ ሞላ ግዝቱን የጻፉበት ወረቀት ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት እንዲመጣ አዘዙ። አያ ደሳለኝ አመጡት። አባ ወረቀቱን ወደ ደኅናው ዓይናቸው አስጠግተው ቢሞክሩም እንባ ሞልቶበት አልሆነላቸውም።

"ልጄ፣ አንቺ አንብቢው። እንዲሰማ አድርገሽ።"

አነበብሁ። "በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም። የዘር ቤቱን በር ያለ ጊዜው የከፈተ፣ ግድግዳውን የፈለቀቀ፣ ጣራውን የወጣ፣ መሠረቱን የቆፈረ፣ ከዘሩ አንዲት ፍሬ የነካ፣ ዘሩ ሲጎዳ አይቶ ዝም ያለ፣ ውግዝ ከመ አርዮስ ይሁን።"

"የመጨረሻዋን ድገሚያት።"

"ዘሩ ሲጎዳ አይቶ ዝም ያለ።"

የሰዉ ፊት ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁ። ከፊት የቆመች ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሁሉም የሚያስታውሰው በሩንና ጣራውን ነበር፤ ይህችን መስመር የጻፏት ቄስ ራሳቸውም ረስተዋታል፤ ከፊታቸው ያስታውቃል።

"ረቡዕ ማታ በዚህ አጠና መሃል ያየ ማነው?" አሉ ቄስ ሞላ።

"ሁላችንም አየን አባ" አሉ አያ ደሳለኝ።

"ምን አደረጋችሁ?"

አያ ደሳለኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ዝም አልን።"

"እንግዲህ ከረቡዕ ጀምሮ እናንተም የተገዘታችሁ ናችሁ። እኔም አለሁበት፤ ግዝቱን ሳስር ለክፉ ቀን የሚፈታ ሰው ሳልወክል ሄጄ ዘሩን የጎዳሁ እኔ ነኝ። የእኔን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ። የእናንተን ኑና ልፍታ።" መስቀላቸውን አወጡ። "ከዛሬ ወዲያም ግዝት ሲታሰር፣ እኔ ባልኖር የሚፈታ ካህን እዚያው ይጠራል። እንጉዳይ፣ ነይ አንቺ ቅደሚ።"

ወይዘሮ እንጉዳይ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። "እነሱ ይቅደሙ" አሉ። "እኔ ለምጀዋለሁ።"

መቶ የሚሆን ሰው አንድ በአንድ "ይፍቱኝ" እያለ፣ መስቀል እየተሳለመ ሲያልፍ ነጎድጓዱ ከተራራው ጀርባ ያጉረመርማል። ማንም ቀና ብሎ ወደ ወይዘሮ እንጉዳይ አላየም። እኔ ደመናውን እያየሁ በልቤ ፍጠኑ፣ ፍጠኑ እላለሁ። ከሁሉም በኋላ ወይዘሮ እንጉዳይ መጡ።

"በሩን ከፍተሻል፣ ፍሬውን ነክተሻል። ስለዚያ እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሏቸው ቄስ ሞላ። "ዝም አላልሽም። ስለዚያ የምፈታው የለኝም።"

መስቀሉን ተሳለሙ። ከዚያ ግን አልሄዱም።

"አባ" አሉ፣ "ሦስቱን ቀንስ ማን ይመልስልኛል?"

ቄስ ሞላ መስቀሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ምራታቸው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን ሸፈነች። የመጀመሪያው ጠብታ የተገነጠለው ቆርቆሮ ላይ አረፈ።

ወይዘሮ እንጉዳይ ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ ሰዉ ዞሩ። "ምን ትገተራላችሁ? ዘሩ እንዲረጥብ ብዬ አይደለም የተገዘትሁት። አንሡ!"

ሰዉ ሁሉ ዘሩን ከየቤቱ ሊያስገባ ወደ ግቢያቸው ሮጠ። እኔም አንድ ጆንያ በአንድ ጫፍ ያዝሁ፣ ሰኢድ በሌላው።